ከአፕዴት በኋላ ዋይፋይ ቢንቀራፈፍ ላፕቶፑን ፎርማት አታስደርጉት

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ከሳቢያን የጻፈላችሁን ሰው ደብዳቤ አነበብኩት። ላፕቶፑን አፕዴት ካደረገ ወዲህ ዋይፋዩ አልሄድ ብሎት ተማሯል። ቪዲዮ ይሽከረከራል፣ ኢሜይል ላይ ፋይል አልሰቀል ይላል፣ የልጁ የኦንላይን ትምህርት ይቆራረጣል። ከሥሩ የሰጣችሁት መልስ ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው። ኢንተርኔት ለሚያቀርብለት ድርጅት ይደውል፣ እሱ ካልሆነ ላፕቶፑን ፎርማት ያስደርግ። አቦ፣ እንዲህማ አይባልም!

እኔ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ፎርማት ማለት ላፕቶፑ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ነው። ለእኛ ለጠጋኞች ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ፍላሽ ሰክቶ፣ ወጣ ብሎ ቡና ጠጥቶ መመለስ ነው። ደንበኛው ደግሞ ማሽኑ አዲስ መስሎ ሲከፈት ስለሚያይ ብዙ የተለፋበት ይመስለዋል፣ ሳይከራከር ይከፍላል። እና ይህን ደብዳቤ ስጽፍ በገዛ ገበያዬ ላይ እየፈረድኩ መሆኑን እወቁልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአፕዴት በኋላ የሚመጣ የዋይፋይ መንቀራፈፍ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ላፕቶፑ ውስጥ ነው፤ እዚያም ውስጥ በተለይ ድራይቨር የሚባለው ላይ ነው። ድራይቨር ዊንዶውሱና የዋይፋይ ካርዱ እንዲግባቡ የሚያደርግ ትንሽ ፕሮግራም ነው። አፕዴት ሲመጣ አንዳንዴ ይህን ፕሮግራም ይቀይረዋል። የካርዱ አምራች ለዚያ ካርድ ብሎ የሠራውን ያነሳና ለሁሉም ይሆናል የተባለውን ያስቀምጣል፣ ወይም ቁጥሩ አዲስ የሆነ ግን ከካርዱ ጋር የማይስማማ ያመጣል። ፎርማት ስታደርጉትስ? ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ይጫናል፣ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ያንኑ ድራይቨር መልሶ ያወርዳል። ችግሩ እዚያው ቁጭ ብሏል። የልጆቹ ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፉ ግን ጠፍቷል።

ይኼ ጥያቄ የበዛበትም ምክንያት አለው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ነው። ሰዉም ወደ 11 መሻገር ያዘ። ዊንዶውስ 11 በደንቡ ከሄድን ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው የሚቀበለው 8ኛ ትውልድንና ከዚያ በላይ ነው። እኔ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ላፕቶፕ ግን ብዙው አገልግሎ የገባ ነው። 4ኛ ትውልድ፣ 5ኛ ትውልድ። የድሬ ሰው መላ አያጣም፣ መመዘኛውን ዘሎ ይጭነዋል፣ ይሠራልም። ችግሩ ለእንዲህ ያለ አሮጌ የዋይፋይ ካርድ አምራቹ ለ11 ብሎ የሠራው ድራይቨር ላይኖር ይችላል። ዊንዶውሱ ያገኘውን ይለጥፍለታል።

አዲስ ላፕቶፕ የገዛም ቢሆን አይኩራ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም የወጣ የዊንዶውስ 11 አፕዴት አንዳንድ ላፕቶፖችን ከዋይፋይ ጋር አጣልቷቸው ነበር፤ በተለይ ዩኒቨርሲቲና መሥሪያ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስምና ፓስወርድ በሚገባባቸው ኔትወርኮች ላይ። ማይክሮሶፍት ራሱ አምኖ ማስተካከያ አወጣ። እና የሳቢያኑ ሰው "ከአፕዴቱ ወዲህ ነው" ሲል ዝም ብሎ የሚያወራ አድርጋችሁ አትዩት።

አሁን ወደ እሱ ልዙር። አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ፣ የድሬ ልጅ ስለሆነ አይከፋውም። እኛ ጋ እርስዎ የሚባል እንግዳ ብቻ ነው።

ከማንም በፊት የምትጠይቀው ስልክህን ነው። ላፕቶፑ አጠገብ ቁጭ በል፣ ስልክህን በዚያው ዋይፋይ አስገባ፣ በሁለቱም ፍጥነት ለካ። ሞባይል ዳታውን ግን አጥፋ! ስንቱ ሰው ስልኩ በዳታ እየሠራ "ዋይፋዩማ ደህና ነው" ሲል ሰምቻለሁ መሰለህ። ሁለቱንም አንድ ላይ አትለካ፣ ይሻማሉ፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላውን። ስልኩም ላፕቶፑም ቀርፋፋ ከሆኑ ነገሩ ራውተሩ ላይ ወይም መስመሩ ላይ ነው፣ ያኔ ደውል፣ አዘጋጁም ልክ ነው። ስልኩ እየበረረ ላፕቶፑ ካዘገመ ግን ማንም ዘንድ አትደውል። ስልክ የሚያነሳልህ ልጅ ራውተሩን አጥፍተህ አብራው ይልሃል፣ ታደርገዋለህ፣ ምንም አይለወጥም፣ ተናደህ ትዘጋዋለህ። እሱ ምን ያድርግህ?

ማመሳከር ካማረህ ሁለተኛ መንገድ አለ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም አገልግሎቱን ለደንበኛ መሞከር የጀመረው እዚሁ እኛ ከተማ ነው፤ እና ድሬ ውስጥ የሁለቱም ድርጅት፣ የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም፣ ሲም ያለው ሰው ማግኘት አይቸግርም። ላፕቶፑን ከአንዱ ሲም ሆትስፖት ጋር አገናኘው፣ ቀጥለህ ከሌላው። በሁለት የተለያየ መስመር ላይ አንድ ዓይነት ከተንቀራፈፈ፣ ሁለት ድርጅት ተማክሮ አይበድልህም፣ ጥፋቱ ላፕቶፑ ጋ ነው። ሆትስፖቱን ቶሎ አጥፋው እንጂ፣ አፕዴት ያልጨረሰ ላፕቶፕ ፓኬጅህን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። ኬብል ካለህ ደግሞ ራውተሩ ላይ ሰክተህ እየው። ስልክህ በዋይፋዩ ደህና ሆኖ ላፕቶፑ በኬብል ደህና፣ በዋይፋይ ግን ከዘገመ፣ አብዛኛውን ጊዜ የዋይፋይ ካርዱ ወይም የድራይቨሩ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፣ ብዙ ሰው የሚጣላበት ነገር ስላለ። የኢንተርኔት መስመር ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ነው፣ ላፕቶፑ ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። የ10 ሜጋቢት መስመር በደህና ቀኑ በሰከንድ ከ1.25 ሜጋባይት አያልፍም። "አሥር ከፍዬ አንድ ይሰጠኛል" ብሎ የመጣ ሰው ሁሉ ተበድሏል ማለት አይደለም። እናንተም ጋዜጣው ላይ ሁለቱን እየደባለቃችሁ ታወጣላችሁ፣ ብታርሙት ደስ ይለኛል።

ወደ ላፕቶፑ እንግባ። ሴቲንግ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ዋይፋይ፣ ከዚያ የገባህበት ኔትወርክ ፕሮፐርቲስ። ወደ ታች ውረድ። እዚያ የተደረደረውን ጽሑፍ ማንም አያነበውም፣ ሐኪሙ ግን እሱ ነው። ሊንክ ስፒድ የሚል አለ፣ ይህ ላፕቶፑና ራውተሩ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ፍጥነት ነው፤ ከውጭ ከሚመጣው መስመር ጋር አታምታታው። ኔትወርክ ባንድ የሚል አለ፣ ዋይፋዩ የሚሄድበት የሬዲዮ ሞገድ ነው፣ 2.4 ወይም 5 ጊጋኸርዝ ይላል። የካርዱ ስምና የድራይቨሩ ቁጥርም እዚያው ነው።

ከአፕዴት ማግስት ላፕቶፑን ታቅፎ ወደ እኔ የመጣ አንድ የሂሳብ መምህር ነበር። ፎርማት እንዳደርግለት ነው የፈለገው፣ ፍላሽ ሁሉ ገዝቶ መጥቷል። ይህን ገጽ ከፈትነው። ሊንክ ስፒድ በሰከንድ 72 ሜጋቢት፣ ባንድ 2.4 ጊጋኸርዝ። የእሱ ካርድ 5 ጊጋኸርዝ ላይ እስከ 866 መነጋገር የሚችል ነው፣ የእኔ ራውተር ደግሞ አጠገቡ ጠረጴዛው ላይ አለ። ስልኩ በዚያው ዋይፋይ 5 ላይ ነው። ቁጥሮቹን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፣ መምህር አይደል፣ 866ን ለ72 በአፉ አካፈለና ወደ 12 ገደማ አለኝ።

ከዚያ የስታርት ምልክቱ ላይ በቀኝ ክሊክ ዲቫይስ ማናጀርን ከፈትን። ኔትወርክ አዳፕተርስ የሚለው ሥር የካርዱ ስም አለ፣ እሱ ላይ ሁለቴ፣ ከዚያ ድራይቨር የሚለው ገጽ። ሮል ባክ ድራይቨር የሚል ቁልፍ አለ። እሱ የሚጫን ከሆነ ሥራው አለቀ፣ ዊንዶውሱ ወደ ድሮው ድራይቨር ይመለሳል። የመምህሩ ግን ደብዝዟል፣ አልጫን አለ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። ከላዩ ያለውን አፕዴት ድራይቨር ተጫን፣ ከኢንተርኔት ፈልግልኝ የሚለውን ተወው፣ ከኮምፒውተሬ ላይ ልምረጥ የሚለውን ያዝ፣ ቀጥሎ ካሉት ዝርዝር ውስጥ ልምረጥ የሚለውን። ያኔ አንድ ስም ያላቸው ቁጥራቸው የተለያየ ድራይቨሮች ተደርድረው ታያለህ። አሮጌዎቹ አልተጣሉም፣ እዚያው ተኝተዋል። የቆየውን መረጥን፣ ኔክስት አልን። የዋይፋይ ምልክቱ ከታች ጠፋ። መምህሩ "ጉድ ሆንኩ" አለ። ምልክቱ ተመለሰ፣ ገጹን እንደገና ከፈትነው፣ ባንዱ 5 ሆኗል። ፍላሹን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

ዝርዝሩ ውስጥ አሮጌ ካላገኘህ የላፕቶፑ ሠሪ ድረ ገጽ ላይ ገብተህ በሞዴልህ ስም ፈልገህ ታወርዳለህ። የዊንዶውስ 10 ድራይቨር ለ11 ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ አትፍራው። ከየትም የመጣ "ሁሉንም ድራይቨር ባንዴ" የሚል ፕሮግራም ግን አትጫን። እሱ ድራይቨር ይዞ ሲመጣ ሌላም ጓዝ ይዞ ነው የሚመጣው።

ድራይቨሩ ሲቀየር አብረው የሚጠፉ ምርጫዎች አሉ። እዚያው የካርዱ መስኮት ላይ አድቫንስድ የሚለው ውስጥ፣ ካርዱ ካለው፣ ፕሪፈርድ ባንድ የሚል ታገኛለህ፤ 5ን እንዲያስቀድም አድርገው። ፓወር ማኔጅመንት የሚል ገጽ ካለም፣ ኮምፒውተሩ ባትሪ ለመቆጠብ ካርዱን እንዲያጠፋው የሚፈቅደው ምልክት አለ፣ አንሳው። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሆን ደህና እየሆነ በባትሪ ሲሆን የሚለግም ከሆነ በተለይ ይህን ጠርጥር።

ለምን 5 ላይ ሙጭጭ እንደምል ላስረዳ። 2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩ የዋይፋይ መስመሮች (ቻናሎች) ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖር ከሆነ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ ያለው ጎረቤትህ ሁሉ እዚያ ሦስት መስመር ላይ ይጋፋል። ብሉቱዝ ማዳመጫውም እዚያው ነው፣ ማይክሮዌቭም እዚያው ነው። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት፣ 2.4 የቀፊራ ገበያ ይሆናል።

ግን ይኼ ምክር ለሐረሮች ወገኖቻችን እንዳለ አይሠራም። ጁገል ውስጥ ያሉት የድንጋይ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ነው፣ 5 ጊጋኸርዝ ደግሞ ግድግዳ አይወድም። ራውተሩ አንድ ክፍል፣ ላፕቶፑ ሌላ ክፍል ከሆነ 2.4 ይሻላቸዋል፤ በግድ 5 ላይ ቢያስሩት ጭራሽ ይቆራረጣል። እነሱ ራውተሩን በር ፊት ለፊት ቢያደርጉት ከማንኛውም ሴቲንግ ይበልጣል። ድሬም ቢሆን ራውተሩን ከቆርቆሮ ወይም ከብረት ቁም ሳጥን ጀርባ የሚሸጉጥ አለ። ብረት ሲግናል አያሳልፍም፣ በቃ።

ድራይቨሩ ደህና ሆኖ ቢገኝስ? ያኔ ማን እየበላብህ እንደሆነ እይ። ታስክ ማናጀርን ክፈትና ኔትወርክ የሚለውን ዓምድ ከላይ ተጫነው፣ ብዙ የሚወስደው ፕሮግራም ከላይ ይመጣል። ትልቅ አፕዴት ሲያልቅ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስላል እንጂ አላለቀም። የቀሩት ፕሮግራሞች ራሳቸውን ያድሳሉ፣ ፋይልህን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው አገልግሎትም እንደ አዲስ ማመሳሰል ይጀምራል። አንድ ቀን ተከፍቶ ይደር፣ ብዙው በራሱ ይረጋጋል። ደሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባልም ነገር አለ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ሥር ነው። አንተ ያወረድከውን አፕዴት ለሌሎች ኮምፒውተሮች እንድታካፍል የሚያደርግ ነው። ምርጫው ኢንተርኔት ላይ ላሉትም ተብሎ ከተከፈተ፣ የማታውቀው ሰው ካንተ መስመር ላይ ይቀዳል። ደግነት ጥሩ ነው፣ ግን ፓኬጁን የምትከፍለው አንተ ነህ። ዝጋው። ቪፒኤን፣ ማለትም ኢንተርኔትህን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያዞር ፕሮግራም፣ ከፍተህ ረስተኸው እንደሆነም እይ፤ ስልክ ላይ የለመደ ሰው ላፕቶፑም ላይ ጭኖት ይረሳዋል፣ ከአፕዴት በኋላ ደግሞ እንዲህ ያለው ፕሮግራም ይበልጥ ያስቸግራል።

በሆትስፖት የምትጠቀም ከሆነ የዚያ ኔትወርክ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሚተርድ ኮኔክሽን የሚለውን አብራ። ዊንዶውሱ ኢንተርኔቱ የሚቆጠር መሆኑን ያውቅና አብዛኛውን አፕዴት ያቆየዋል። ለእያንዳንዱ ኔትወርክ ለየብቻ ነው የሚበራው፣ ስለዚህ ሲም ስትቀይርና የሆትስፖቱ ስም ሲቀየር እንደገና ማብራት አለብህ።

ኔትወርክ ሪሴት የሚለውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይጫነዋል፣ ለእኔ ግን የመጨረሻ ነው። የዋይፋይ ፓስወርዶችህን ያጠፋል፣ ቪፒኤንም ካለህ እንደገና ያስጭንሃል። ካርዶቹን አንስቶ ከነድራይቨራቸው ስለሚመልሳቸው አንዳንዴ ይጠቅማል፤ ፓስወርዱን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፍ እንጂ፣ ራውተሩን የገጠመው ልጅ ስልኩን አያነሳም።

ይህ ሁሉ አልሆን ካለና ወደ 11 የተሻገርከው በቅርቡ ከሆነ፣ ዊንዶውሱ ራሱ መመለሻ መንገድ አለው። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ ጎ ባክ የሚል ነው፤ ፋይልህን ሳይነካ ወደ ድሮው ይመልስሃል። ዕድሜው ግን 10 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ዊንዶውሱ የድሮውን ፋይል ያጸዳዋል፣ ቁልፉም ደብዝዞ ይቀራል። እዚህ ላይ ነው መልሳችሁ ያናደደኝ። የሳቢያኑ ሰው እናንተ ጋ ደብዳቤ ጽፎ፣ መልስ ጠብቆ፣ ጋዜጣው ወጥቶ እስኪያነበው ድረስ 10 ቀኑ አልፏል ማለት ነው። ደውል ተብሎ ሲደውል ደግሞ ሌላ ሳምንት ይሄድበታል። ቀን የሚቆጠርበት ነገር ሲሆን ቢያንስ ቀኑን መጀመሪያ ጻፉለት።

አሮጌው ድራይቨር ሠርቶልህ ዊንዶውሱ ያንን የማይስማማውን መልሶ ካመጣብህ አትገረም፣ ያደርገዋል። አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ኦፕሽናል አፕዴትስ የሚለው ሥር ድራይቨር ተዘርዝሮ ብታይ ምልክት አታድርግበት። አፕዴቱንም እስከ 5 ሳምንት ማቆየት ይቻላል። ለዘላለም መዝጋት ግን አልመክርም። አንዳንድ ጠጋኞች "ዘግቼልሃለሁ፣ ከእንግዲህ አይረብሽህም" ይላሉ፣ ደንበኛውም ያመሰግናቸዋል፤ የዘጉበት የደኅንነት መጠገኛውንም ጭምር መሆኑን ግን አይነግሩትም።

እና አዘጋጆች፣ የሳቢያኑ ሰው እስካሁን ፎርማት አላስደረገው እንደሆነ አንድ ነገር ጠይቁልኝ። የዋይፋዩን ፕሮፐርቲስ ገጽ ከፍቶ በስልኩ ፎቶ ያንሳውና ይላክላችሁ፤ የካርዱ ስም፣ የድራይቨሩ ቁጥር፣ ሊንክ ስፒዱና ባንዱ ይታይ። የካርዱን መለያ አድራሻ (ፊዚካል አድሬስ) የሚያሳየውን የታችኛውን መስመር ይሸፍነው። እናንተ ለእኔ አድርሱልኝ፣ ከየትኛው ድራይቨር ጋር እንደሚስማማ ፈልጌ ለሚቀጥለው እትም እጽፍለታለሁ። ገንዘብ አልጠይቅም። ፎቶውን ጋዜጣው ላይ የምታወጡት ከሆነ ግን ተለቅ አድርጉት፤ ባለፈው ያወጣችሁት የስክሪን ፎቶ የማሾ ፍሬ አክሎ በአጉሊ መነጽርም አልተነበበልኝም።

ከአክብሮት ጋር
ኮምፒውተር ጠጋኙ አንባቢያችሁ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ